የታሸገ መልእክት ወንጀል አይደለም



ውድ የመስጂድ ጀመዓዎች፣ የተከበራችሁ ኢማሞችና ኡስታዞች፣ እናቶችና አባቶች፤

«ንጹሕ ሰው መልእክቱን ለምን ይቆልፋል?» የሚለው ጥያቄ ከፍተሻ ኬላ እስከ ቢሮ፣ አልፎ ተርፎም በመስጂዶቻችን በረንዳ ላይ ሲነሳ እየሰማን ነው። ከደረሶቻችን አንዱ ከደብረ ታቦር ሲወጣ ስልኩ ላይ መልእክት የሚቆልፍ ፕሮግራም ስለተገኘ ብቻ «ምን ደብቀህ ነው?» እየተባለ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሟል። የተገኘበት ጥፋት የለም። የተጠየቀው ስለ መቆለፉ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ጥያቄ የሚመስል ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ መልስ ይፈልጋል።

መልሳችን ይህ ነው፦ መልእክትን ማሸግ በሸሪዓም በአገሪቱ ሕገ መንግሥትም የተጠበቀ መብት ነው። ወንጀሉ ማኅተሙን ያለ ፈቃድ በሚሰብረው እጅ ላይ እንጂ በሚያሽገው እጅ ላይ የለም። ይህን ለመናገር ግን መጀመሪያ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ያላወቅነውን መብት ማስከበር አንችልምና።

መልእክት እንዴት ይታሸጋል?

ብዙ አባቶቻችን «ምስጠራ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሰላይ ሥራ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን በየመድረሳው ከምናስተምረው ብዙ የራቀ አይደለም። ሐዲስ ሁለት ክፍል አለው። ሰነዱ ማን ከማን እንደሰማ ይነግረናል፤ መትኑ ደግሞ ቃሉ ራሱ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄድ መልእክትም እንዲሁ ነው። መልእክቱ እንዳለ አይጓዝም፤ ባለሙያዎች «ፓኬት» በሚሏቸው ትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ፓኬት ግንባር ላይ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ የእሽጉ ዓይነት ምን እንደሆነ፣ ርዝመቱም ስንት እንደሆነ ይጻፋል። ሰነዱ ይህ ነው። ከኋላው የሚከተለው መትኑ ነው። ምስጠራ የሚቆልፈው መትኑን ነው፤ ሰነዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተገለጠ ይቀራል። ይህችን ልዩነት ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሥራውን የሚሠራው ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ላይብረሪ» የሚሉት ነው፤ አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ፕሮግራሞች የሚዋሱት ክፍል ማለት ነው። ላይብረሪው ላኪው ዘንድ ሲሆን የተቆለፈውን ቃል፣ የቁልፉን ምልክትና ርዝመቱን በታወቀ ሥርዓት በአንድ ረድፍ ይደረድራል። ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ያንኑ ረድፍ ይተነትናል፤ ይህ ዓይነቱ ነው፣ ይህ ርዝመቱ ነው፣ ከዚህ እስከዚህ የታሸገው ቃል ነው እያለ ይለያል። የነሕው ተማሪ ዓረፍተ ነገር ሲቀርብለት ወደ ትርጉሙ ከመሄዱ በፊት ፊዕሉን፣ ፋዒሉንና መፍዑሉን ለይቶ ኢዕራብ እንደሚያወጣ ማለት ነው። ኢዕራቡን የሳተ ትርጉሙንም ይስታል።

ይህ ዕውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኪንዲ የተመሰጠረ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ሪሳላ ጽፏል። መንገዱ በአንድ ቋንቋ የትኛው ፊደል ደጋግሞ እንደሚመጣ መቁጠርና በተመሰጠረው ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ ከሚታየው ምልክት ጋር ማስተያየት ነበር። ፈረንጆች ምስጢራዊ ጽሕፈትን «ሳይፈር» የሚሉትም «ሲፍር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ወስደው ነው። ከዚያም በፊት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሮም ንጉሥ ሊጽፉ ሲሉ ሮሞች ያልታተመ ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነግሯቸው የብር ማኅተም ማሠራታቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። በሱረቱ ነምል የሰበእ ንግሥት ከሱለይማን (ዐ.ሰ) የደረሳትን ደብዳቤ «ከሪም» ስትለው ከሙፈሲሮች መካከል «የታተመ» ማለቷ ነው ያሉ አሉ። ማኅተም የክብር ምልክት ነበር። መቼ ነው የወንጀል ምልክት የሆነው?

ሁለት ትእዛዝ በአንድ ሱራ

ሱረቱል ሑጁራትን አስተውሉ። በ6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) አመፀኛ ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል። በ12ኛው ደግሞ ከክፉ ጥርጣሬ እንድንርቅና እርስ በርሳችን እንዳንሰልል ይከለክለናል። የደረሰህን አጣራ፤ ያልደረሰህን አትሰልል። የጥሩ ምስጠራ ላይብረሪ ሥራም ይኸው ነው። እውነተኛ ማኅተም ያለው እሽግ ሲመጣ በመንገድ ላይ ተነካክቶ እንደሆነ አስቀድሞ ይመረምራል፤ ከተነካካ መትኑን ሳያሳይ ይጥለዋል። ላልተላከለት ሰው ደግሞ አይከፍትም።

በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ እንደተዘገበው ሰው ሲናገር ዞር ዞር ብሎ ካየ ንግግሩ አማና ነው። «ይህን ለማንም አትንገር» አላለም፤ መገላመጡ ብቻ በቂ ሆኗል። መልእክቱን የቆለፈ ሰውስ ከመገላመጥ በላይ አልተናገረምን?

ሰይዲና ዑመርን (ረ.ዐ) በተመለከተ የሚተረከውንም ታውቃላችሁ። አንድን ሰው በወንጀል ላይ ለመያዝ አጥር ዘለው ገቡ፤ ሰውየውም «እኔ አንድ ብሠራ አንተ ሦስት ሠራህ፤ ሰለልክ፣ በበር አልገባህም፣ ሰላምታም አላቀረብክም» ሲላቸው ትተውት ወጡ ይባላል። አሚሩል ሙእሚኒን ለአንድ ተራ ሰው አጥር ይህን ያህል ከተገደዱ፣ ዛሬ በሚሊዮኖች አጥር ላይ የሚዘለው ማን ነኝ ብሎ ነው?

አጥሩ እንዴት ተዘለለ?

የምንናገረው በስማ በለው አይደለም። በዓለም ፊት የወጣ ነው።

በግንቦት 2004 የቶር ፕሮጀክት ባለሙያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ፓኬትን ከላይ ከላይ ብቻ ሳይሆን ጠልቆ የሚመረምር መሣሪያ ሥራ ላይ መዋሉን አሳወቁ። መሣሪያው የቶርን የተቆለፈ መትን ማንበብ አልቻለም። ነገር ግን ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነት ሲጀምሩ የሚለዋወጧቸውን የመጀመሪያ ፓኬቶች ቅርጽ ተንትኖ «ይህ ቶር ነው» ብሎ መንገዱን ዘጋ። ያቺ የተገለጠች ሰነድ ናት የከዳችው። ደብዳቤውን መክፈት ያቃተው ፖስተኛ የፖስታውን መልክ አይቶ ቀደደው ማለት ነው።

በመጋቢት 2005 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም መቆጣጠሪያ በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ማጥመጃው የአንድ ተቃዋሚ ድርጅት መሪዎች ፎቶ ነበር፤ ፎቶውን የከፈተ ሰው ሰላዩን ወደ ኮምፒውተሩ አስገባ። በቀጣዩ ዓመት ይኸው ተቋም ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ መሣሪያ የኢሳት ጋዜጠኞችን ለማጥቃት መዋሉን አሳየ። እነዚህ ፕሮግራሞች ማኅተሙን አይሰብሩም። ከጸሐፊው ትከሻ ኋላ ተቀምጠው ሳይታሸግ በፊት ያነባሉ። በመጋቢት 2006 ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ፣ ታሳሪዎች በምርመራ ወቅት የተቀዳ የስልክ ንግግራቸው እንደቀረበባቸው፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝም የስልክ መዝገብ ይወሰድ እንደነበር ተጽፏል።

የእኛን ትግል አትርሱ። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ሰላማዊ ጥያቄ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችንን በሐምሌ 2004 ወደ እስር አስገባ። ፍርድ ሳይሰጥ፣ በጥር 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» በሚል ፊልም የምርመራ ክፍል ቃላቸው በቴሌቪዥን ለአገር ሁሉ ታየ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በር ተዘግቶ የተነገረ ቃል ተቆርጦና ተቀጥሎ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማን ሊነግረን ይችላል?

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ደግሞ የዞን 9 ጦማሪዎች መታሰር ጀመሩ፤ ከነርሱም ጋር 3 ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሽብር ሲከሰሱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው የዲጂታል ጥበቃ መመሪያ መሠልጠናቸው ከማስረጃዎቹ ተቆጠረ። ያ መመሪያ ማንም በነፃ የሚያገኘው፣ ኢሜይል እንዴት እንደሚቆለፍና የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምር ጽሑፍ ነው። ከከሳሾቹ ብዕር ሥር ግን መዝጊያ መግጠም ቤት ከመዝረፍ ጋር እኩል ሆነ። ክሱ በመጨረሻ አልቆመም፤ ለ5ቱ በ2007 ማብቂያ ተነሳ፣ ለቀሩት ደግሞ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። የወጣትነት ጊዜያቸውን ማን መለሰላቸው?

«የሚደብቅ ነገር ከሌለህ» ለሚሉ

አሁን ወደ ክሱ እንመለስ። የሚደብቅ ነገር የሌለው ሙስሊም የለም። ቀኝ እጁ የሰጠችውን ግራው እስከማታውቅ ሰደቃውን የሚደብቅ ሰው በቂያማ ቀን ከአላህ ጥላ ሥር እንደሚሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አብሥረዋል። የወንድሙን ገመና የሚሸፍንም አላህ የርሱን እንደሚሸፍንለት ነግረውናል። መደበቅ ሁሉ ሴራ ከሆነ ይህ ምን ሊባል ነው?

የኢማሞቻችንን ስልክ አስቡ። ባሏ ሦስት ጊዜ ፈታሁሽ ያላት እህት ፈትዋ የምትጠይቀው በዚያ ነው። የወራሾች ጠብ፣ የትዳር ሽምግልና፣ ዘካ ሊሰጠው የሚገባ ግን በሰው ፊት የማይለምን ቤተሰብ ስም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ይህ የኢማሙ ንብረት አይደለም፤ የጀመዓው አማና ነው። ስልኩን ሳይቆልፍ የሚተው ኢማም የራሱን ሳይሆን የእናንተን በር ነው ክፍት የሚተወው። ከዚያ ስልክ ላይ አንድ መልእክት የጠለፈም የአንዲትን ሴት ገመና እንጂ የመንግሥትን ደኅንነት አላገኘም።

በተለይ የእኛ አገር ሙስሊም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ አባቶቻችን እምነታቸውን እንዲተው ሲታዘዙ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው ዲናቸውን ያቆዩ ነበሩ። በልብ ውስጥ ያለውን ማንም እንዲያይ ቢገደዱ ኖሮ ዛሬ በዚህ ደጋ የሚሰማው አዛን ባልኖረ።

«ወንጀለኛም እኮ ይጠቀምበታል» ይሉናል። አዎ፤ ወንጀለኛ በመንገድም ይጠቀማል፣ በቢላም ይጠቀማል። በቢላ ሰው ተገደለ ተብሎ የእናቶች ቢላ አይሰበሰብም። ገዳይና ፈታኝ እንዲያመልጥ አንፈልግም፤ ወንጀል የተጠረጠረበት ሰው በስሙ ተጠቅሶ፣ ዳኛ ማስረጃ አይቶ ሲያዝ እንቃወማለን ያለ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የደብዳቤም የስልክም የኤሌክትሮኒክስም ግንኙነት እንደማይደፈር የደነገገው፣ ገደብ ሲደረግም ምክንያቱና ሕጉ ተለይቶ እንዲቀመጥ ያዘዘው ለዚህ ነው። የምንቃወመው አንድን ሌባ ለመያዝ የከተማውን በር ሁሉ መንቀልን ነው።

ይህ ክርክር በሌላው ዓለምም ተደርጓል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ፊል ዚመርማን የተባለ አሜሪካዊ ተራ ሰው ኢሜይሉን የሚቆልፍበትን ፒጂፒ የተባለ ፕሮግራም አወጣ። መንግሥቱ የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ እንደላከ ቆጥሮ ለ3 ዓመት ያህል መረመረው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ በወረቀት መጽሐፍ ታተመ፤ መጽሐፍ ማገድ ደግሞ ለዚያ መንግሥት ከበደው። በ1996 ምርመራው ያለ ክስ ተዘጋ። ዛሬ የባንክ ገንዘብ የሚያዘዋውር ሁሉ፣ ከሳሻችንም ጭምር፣ በምስጠራ ይጠቀማል። የባለሥልጣኑ ደመወዝ ሲታሸግ ጥበብ፣ የደረሳው ሰላምታ ሲታሸግ ሽብር የሚሆንበት ሚዛን ከየት መጣ?

ማኅተሙን መስበር ሲያቅት ደግሞ መንገዱን መዝጋት አለ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ የኖርነውን አንረሳም። ሐዋላ የሚጠብቅ፣ ከስደት ልጁን የሚያወራ፣ የሞተ የሚያረዳ ሁሉ አብሮ ተቀጣ። ስለላና መዝጋት የአንድ እጅ ሁለት ጣቶች ናቸው።

በጋፋት ምድር የሚነሳ ጥያቄ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስፈሰሱባት ናት። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። የዚያን ዘመን ጦርነት አናወድስም፤ ነገር ግን ንጉሡ የፈለጉት ዕውቀቱ ወደ አገር እንዲገባ፣ እጃችንም እንዲሠራው ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የመጡት ገዢዎች ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከእስራኤል ኩባንያዎች የገዙት ግን የራሳቸውን ወገን የሚሰልል ጆሮ ነው። ገንዘቡ የእኛ፣ የሚሰማውም እኛ።

ስለዚህ ልጆቻችን ሥራውን ይማሩት። ይህ ዕውቀት ለዲን ጠቃሚ አይደለም የሚል ቢኖር የሐርትብሊድን ታሪክ ይስማ። መጋቢት 29 ቀን 2006 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለውና ብዙው ዓለም በሚጠቀምበት የምስጠራ ላይብረሪ ውስጥ ስሕተት መኖሩ ተገለጠ። አንድ ትንሽ ፓኬት ግንባሯ ላይ «ርዝመቴ 64 ሺህ ነው» ብላ ትመጣለች፤ ውስጧ ያለው ግን ጥቂት ፊደል ነው። ላይብረሪው ሳያጣራ አመናት፤ የጎደለውንም ከራሱ ማስታወሻ እየቀዳ፣ የይለፍ ቃልና ቁልፍ ሳይቀር ሊሰጥ ቻለ። ቁልፉ አልተሰበረም፤ ኢዕራቡ ነው የተሳተው። ወሬ አምጪውን አጣሩ የተባለው ትእዛዝ አንዲት መስመር ላይ ተዘንግቶ ዓለም ደነገጠ። መድኃኒቱም ርዝመቱን ከያዘችው ጋር የምታነጻጽር አጭር ፍተሻ ነበረች። ዓለም ይህን በር ሊጠግን ሲሯሯጥ፣ 18 ቀን ቆይቶ በእኛ አገር በር መዝጋት የተማሩት ወደ እስር ተወሰዱ።

ስሕተቱን ያገኙት የላይብረሪው ጽሑፍ ለሁሉም የተገለጠ ስለሆነ ነው። ጥሩ ምስጠራ አሠራሩን አይደብቅም፤ የሚደበቀው ቁልፉ ብቻ ነው። በየመድረሳው ነሕውና ሶርፍ የሚያጠኑ ልጆች አሉን። ፊደልን ከፊደል፣ ቃልን ከቃል በትዕግሥት የሚለይ አእምሮ ፓኬት ለመተንተን የተሠራ አእምሮ ነው። የሚጎድላቸው ኮምፒውተርና አስተማሪ ነው።

ምን እናድርግ?

በየጀመዓው ብዙዎች ቴሌግራም ሁሉን ይቆልፋል ብለው ያምናሉ። አይደለም። የቴሌግራም ግሩፖችና የተለመዱት ንግግሮች በኩባንያው ማከማቻ ይቀመጣሉ፤ ኩባንያው ሊከፍታቸው ይችላል። ከጽሑፍ መልእክቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታሸገው በሁለት ሰዎች መካከል «ሚስጥራዊ ውይይት» ተብሎ የሚከፈተው ብቻ ነው። ሲግናል ሁሉንም ያሽጋል፤ ዋትስአፕም ከ2008 ጀምሮ መልእክቱን ያሽጋል፤ ማን ለማን መቼ እንደላከ ግን ኩባንያው ያውቃል። ተራ የስልክ ጥሪና አጭር መልእክት ለቴሌው ክፍት ነው።

ስለዚህ የፈትዋና የሽምግልና ጉዳይ በታሸገ መንገድ ይሂድ። የዘካ ተቀባዮች ስም ዝርዝር ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። የማታውቁትን ፋይል፣ ፎቶም ቢሆን፣ አትክፈቱ። በአማና የደረሳችሁን መልእክት ፎቶ አንስቶ ለሌላ ማስተላለፍም ስለላ ነው፤ መንግሥትን ከመውቀሳችን በፊት በራሳችን መካከል ይቁም። ማኅተም ክፉ ነገርን እንደማይሸፍንም ዕወቁ፤ ሰው ባያይ አላህ ያያል። ቁልፋችን ለገመናና ለመብት እንጂ ለሐሜትና ለፊትና አይደለም።

ከመንግሥት የምንጠይቀው ግልጽ ነው። መልእክት የሚቆልፍ ፕሮግራም መያዝም ሆነ ማስተማር ወንጀል እንዳልሆነ በሕግ ይጻፍ። በኬላ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስልክ መፈተሽ ይቁም። የተገዙት የስለላ መሣሪያዎች በማን እጅ እንዳሉና በማን ላይ እንደዋሉ ለሕዝብ ይነገር። ኢንተርኔት የቅጣት ጅራፍ መሆኑ ይቅር። ይህንን በሰላም ጠይቀናል፤ በሰላምም እስኪመለስ እንጠይቃለን።

ጥያቄያችንን ግን ማንም እንዲያነበው አልቆለፍነውም። በየመስጂዱ ደጃፍ፣ በግልጽ፣ በዐማርኛ ተጽፎ ይኸው ቀርቧል። መንግሥት ለማወቅ የሚፈልገው ፍላጎታችንን ከሆነ ሰላይ መላክ አያስፈልገውም፤ ማንበብ ይበቃዋል።

አላህ ገመናችንን ይሸፍንልን፤ ለተበደሉት ሁሉ ፍትሕን ያቅርብ። አሚን!

አላሁ አክበር!